ጌሙን የሚገድሉት አካውንቶች፦ የእኛ ልጆች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ይመጣልኛል። ስከፍተው አንድ አፕ አሥር ጊዜ ተባዝቶ ተጭኖበታል። ከላዩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስክሪኑን በራሱ የሚነካ ፕሮግራም አለ። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ ነው። ሲጠይቁት «ቦት ነው፣ እያረስኩ ነው» ይላል። በራሱ የሚጫወት ፕሮግራም ሽልማት ይሰበስብልኛል ማለቱ ነው።

እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ንቁ ናቸው፣ ነገር ቶሎ ይገባቸዋል፣ ቤተሰብ ለመርዳት ይጓጓሉ። እኔም የብሎክቼን ጌም፣ ማለትም ሽልማቱ ቶከን በሚባል የሚሸጥ ዲጂታል ሳንቲም የሚከፈልበትን ጌም፣ ከአክሲ ዘመን ጀምሮ እጫወታለሁ፤ የሰፈር ተጫዋቾች የሚወያዩበትን የቴሌግራም ግሩፕም አስተዳድራለሁ። አካውንት ማባዛትንና ቦት ማሰለፍን በየጊዜው ማየት ስለሰለቸኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

«አሥር አካውንት ካለኝ አሥር እጥፍ አገኛለሁ»

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ጌሙ የሚሰጣችሁ ቶከን ከየት ይመጣል? አሰራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው መጠኑ አስቀድሞ ተወስኗል። ይህን ያህል ቶከን ለተጫዋቾች ይከፋፈላል ይባልና ያለቀለት ነው። እናንተ አሥር ሆናችሁ ስትሰለፉ የሚቀነሰው ከኩባንያው ኪስ አይደለም። በአንድ አካውንት በሐቅ ከሚጫወተው ልጅ ድርሻ ነው። በሁለተኛው ገደብ የለም፤ በተጫወታችሁ ቁጥር አዲስ ቶከን ይፈጠራል። ያኔ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ግን ያው ነው። ዋጋ ይወርዳል። የወረደውን ለማካካስ አካውንት ትጨምራላችሁ። ስትጨምሩ ይበልጥ ይወርዳል።

አክሲ ኢንፊኒቲን አስታውሱ። የቬትናሙ ስካይ ማቪስ የሠራው፣ አክሲ የሚባሉ ፍጡራን በቡድን የሚዋጉበት ጌም ነው። ኤስኤልፒ የሚባለው ቶከኑ በ2021 ሐምሌ አካባቢ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ደርሶ ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥ ቤተሰብ ያስተዳደሩበት ሰዎች ነበሩ። በ2022 መጀመሪያ ላይ አንድ ሳንቲም አካባቢ ወረደ። ኤስኤልፒ ከገበያ የሚወጣው ሰው አክሲዎቹን ሲያዳቅል ነው። አዲስ ተጫዋች ሲቀንስ የሚያዳቅል ጠፋ፣ ኤስኤልፒ የሚያመርተው ተጫዋች ግን አላቆመም። ብዙ ኤስኤልፒ ይመጣ የነበረው ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ከሚደረግ ውጊያ ነው። እንዲህ ያለ ውጊያ ለቦት የተመቸ ነው። ተቃዋሚው አይለወጥም፣ ቦቱ አይደክምም። ኩባንያው በየካቲት 2022 የዚያን ክፍል የኤስኤልፒ ሽልማትና የዕለት ተልዕኮውን አንድ ላይ አነሳ። በዚህ ብቻ የዕለቱ ምርት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል ብሎ ነበር።

አክሲን ቦት ብቻ ነው የገደለው አልልም። የኢኮኖሚው አሰራር ራሱ ችግር ነበረበት። ግን ልብ በሉ፤ ሽልማቱ ሲነሳ የቀረበት ቦቱ ብቻ አይደለም። ከሥራ መልስ በገዛ እጁ የሚጫወተው ሰውም ቀረበት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ኩባንያው ቦቱን ከሰው መለየት ሲያቅተው በሩን ለሁሉም ይዘጋል።

ቴሌግራም ላይ ስክሪን እየመቱ የሚጫወቱትን ሃምስተር ኮምባትንማ እዚህ ከተማ ያልነካካ ወጣት አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ጣና ዳር ተቀምጦ ሁሉም ስክሪን ሲመታ ነበር። ጌሙ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ ይል ነበር። በ2024 ሴፕቴምበር 26 ቶከኑ ሲከፋፈል 131 ሚሊዮን ተጫዋች ብቁ ተባለ፣ 2.3 ሚሊዮን ደግሞ በማጭበርበር ታገደ። ለ131 ሚሊዮን የተከፋፈለ ነገር ለአንዱ ስንት ይደርሳል? በእኛ ግሩፕ ብዙዎቹ ያገኙት ለኢንተርኔት ፓኬጅ ያወጡትን እንኳ አልሸፈነም። የቶከኑ ዋጋም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመነሻው ከግማሽ በታች ወረደ። ሁሉም ለመሸጥ ነበር የተሰለፈው። ሊጫወት የቀረ ሰው ጥቂት ነበር።

ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። በክረምት አንዳንዱ አሳ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣል። ያኔ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ብዙ ይይዛል። አሥር መረብ የዘረጋ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። ሁሉም አሥር አሥር ከዘረጋ ግን የሚራባ አሳ አይተርፍም። መጀመሪያ የሚራበውም በደንገል ታንኳ አንድ መረብ ይዞ የሚወጣው ነው።

«እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። አዎ፣ ሌላው ይሠራዋል። አንተ ስትጨምርበት ግን ቶሎ ያልቃል። የወሰድከውም ከአጠገብህ ዶርም ከሚተኛው ልጅ ነው።

በነፃ የተለቀቀ ቦት ማውረድ

ቦት ሠርቶ በነፃ የሚያድል ሰው ምን እንደሚያገኝበት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ቦቱ በእናንተ ስም ለመጫወት የመግቢያ መረጃችሁን ይፈልጋል። ቴሌግራም ላይ ላለ ጌም የቴሌግራም መግቢያ ፋይላችሁን ይጠይቃል። ያንን ፋይል የያዘ ሰው የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው አካውንታችሁ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አመሻሽ ላይ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ቴሌግራሜ ራሱ ይጽፋል» አለኝ። የገባው ሰው ደብረ ታቦር ላለች ታላቅ እህቱ ጽፎ ነበር፦ «እትዬ፣ ታምሜ ሐኪም ቤት ነኝ፤ በዚህ ቁጥር በቴሌብር ላኪልኝ»። እሷም ደንግጣ ልካለች። ወንድሟ በደህና ሱቄ ውስጥ ቆሟል። ልጁ ያለቀሰው ለብሩ አልነበረም። እህቱ ያንን ብር በምን ድካም እንዳገኘችው ያውቃል።

አሁኑኑ የቴሌግራማችሁን ሴቲንግ ክፈቱ። ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አብሩ። ቶከናችሁ የሚቀመጥበትን የዋሌታችሁን መክፈቻ 12 ቃላት ደግሞ ለማንም አትስጡ፤ ለቦት፣ ለአስተዳዳሪ፣ ለእኔም ቢሆን።

በእናት መታወቂያ አካውንት ማውጣት

አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይኸ ፊትሽን ወደ ቀኝ አዙሪ፣ ወደ ግራ አዙሪ የሚለኝ ምንድን ነው?» አሉኝ። አየሁት። ልጃቸው በእሳቸው መታወቂያ ክሪፕቶ መገበያያ ላይ አካውንት ከፍቷል። ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል ሲስተሙ ባለቤቷን በድጋሚ ልያት አለ። እሳቸው አንድም ነገር አያውቁም።

ይህን ስህተት ለማስረዳት ትዕግሥት ያጥረኛል። በእሳቸው ስም የተከፈተ አካውንት የእሳቸው ነው። በዚያ የተላለፈ ነገር ሁሉ የሚቆጠረው በእሳቸው ነው። ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶ ለግብይት የተፈቀደ ገንዘብ እንዳልሆነ በ2022 አስጠንቅቋል። ነገ ጥያቄ ቢመጣ የሚጠየቁት በፋይዳ ቁጥራቸው የተመዘገቡት እናት ናቸው። አንዴ የተላከ የመታወቂያ ፎቶም ተመልሶ አይመጣም።

«ፊትህን ለአንድ ደቂቃ አከራየን፣ ይህን ያህል ብር እንሰጥሃለን» የሚሉም አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ጥላችሁ ሂዱ። በፊታችሁ ምን እንደተከፈተበት አታውቁም፣ መዝጋትም አትችሉም።

«ብሎክቼን ላይ ማንም አያየኝም»

ተቃራኒው ነው። ብሎክቼን ማንም ሊያየው የሚችል የጋራ መዝገብ ነው። ስማችሁ አይጻፍም እንጂ ሥራችሁ በሙሉ ይጻፋል፤ አይጠፋምም። ሃያ ዋሌት ከአንድ ምንጭ መነሻ ገንዘብ ተቀብሎ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ከላከ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ መስመሩን መሳል ይችላል። ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ወዲያው አያግዷችሁም። ወራት አስለፍተው የክፍፍሉ ቀን ሲደርስ ነው ዝርዝሩን የሚያጣሩት።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ጆን ዱሴር ገና በ2002 ጽፎበታል። ማንነትን የሚያረጋግጥ ማዕከል በሌለበት መረብ አንድ ሰው ብዙ ሰው መስሎ መቅረቡን ሙሉ በሙሉ መከላከል እንደማይቻል አሳይቷል። ጌሞቹ ፊትና መታወቂያ መጠየቅ የጀመሩት ለዚህ ነው። ያኔ ደግሞ መታወቂያው ያልደረሰው ልጅ ከውጭ ይቀራል።

ከወንድም ጋር በአንድ ስልክ መጫወት

ይህኛው የየዋሆች ስህተት ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ስልክ አላቸው። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ ይጫወታል። ሁለቱም ሰው ናቸው፣ ሁለቱም በእጃቸው ነው የሚጫወቱት። ለሲስተሙ ግን አንድ ስልክ ላይ ያለ ሁለት አካውንት ነው። ሁለቱም ይታገዳሉ። የዶርም ዋይፋይም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ከአንድ አድራሻ የሚመጣ ይመስላል። የሞባይል ኔትወርክም ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ ሊያወጣ ይችላል። ከዚያ ሠፈር አንድ ሰው ቦት ካሰለፈ አጠገቡ ያሉት ሁሉ በጥርጣሬ ይታያሉ።

ስልካችሁ አንድ ከሆነ አካውንታችሁም አንድ ይሁን፣ ተራ በተራ ተጫወቱ። ቪፒኤን (ያላችሁበትን ቦታ የሚደብቅ አፕ) አትክፈቱ፤ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ከሰዓት ጀርመን የሚታይ ተጫዋች ቦት ነው የሚመስለው።

አክሲን ያከራዩ የነበሩትን ሰዎች ከአካውንት አባዢ ጋር አትደባልቁ። እዚያ ባለቤቱ ቡድኑን ያውሳል፣ እያንዳንዱን አካውንት ግን አንድ እውነተኛ ሰው ይጫወትበታል። ችግር አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ጉዳዩ ግን ሌላ ነው።

በዕቁብ ብር ኤንኤፍቲ (የጌም ዲጂታል ንብረት) መግዛት

አታድርጉት።

ጌም ለምትሠሩ ልጆች

ሶፍትዌር የሚማሩ ልጆች ሥራቸውን አንዳንዴ ያሳዩኛል። በቅርቡ ያየሁት ጣና ላይ በታንኳ እሽቅድምድም የሚደረግበት ነው። ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ የዓባይን መውጫ አሳምረው ሠርተውታል። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ሽልማቱን አነበብኩ። አካውንት መክፈት ነፃ ነው። በየቀኑ ለገባ ቶከን ይሰጣል፣ ሰው ለጋበዘም ቶከን ይሰጣል፣ ቶከኑ በዚያው ቀን ይሸጣል።

ልጆቼ፣ ይህ ለቦት የተጻፈ ጥሪ ነው። ያለ ወጪ የሚከፈት አካውንት ያለ ጥረት የሚሸጥ ነገር ካገኘ ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ቦቶቹ ይመጣሉ። ሰንፍላወር ፋርመርስን ተመልከቱ። የሱፍ አበባ የሚዘራበት ቀለል ያለ ጌም ነበር። በጥር 2022 ሽልማቱን ፍለጋ የጎረፈው ትራፊክ ጌሙ ይሠራበት የነበረውን ፖሊጎን የተባለ የብሎክቼን መረብ አጨናንቆ የሁሉንም ሰው የአገልግሎት ክፍያ አናረው። ጌሙን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ከፈለ። በኋላ ሥራው ቆሞ ሰንፍላወር ላንድ ተብሎ እንደገና ተሠራ።

«ካፕቻ እናስገባለን» አሉኝ፤ ሰው መሆንን የሚፈትን ጥያቄ ማለታቸው ነው። ካፕቻ አንድ ቀን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። የሚሻለው ሽልማቱን ራሱን መለወጥ ነው። ፒክስልስ የተባለው የእርሻ ጌም መጀመሪያ ቤሪ የሚባል ቶከን ይሰጥ ነበር። በዝቶ ዋጋ ሲያጣ በ2024 ብሎክቼን ላይ በሌለና ጌሙ ውስጥ ብቻ በሚሠራ ሳንቲም ተካው። ለተጫዋቾችም የታማኝነት ነጥብ አወጣ፤ ነጥቡ ያልደረሰ መሸጥም ማውጣትም አይችልም ነበር። ስፕሊንተርላንድስ የተባለው የካርድ ጌም ደግሞ ቦት የተከለከለበትንና የተፈቀደበትን ምድብ ለያይቶ አስቀመጠ። ሁለቱም ፍጹም መፍትሔ አይደሉም። ቦት ማሰለፉን ግን አያዋጣም ያደርጉታል፤ መፈለግ ያለባችሁም ይህን ነው። የታንኳውን ሽልማት ለገባ ሁሉ ሳይሆን ሰው ከሰው ተወዳድሮ ላሸነፈ አድርጉት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽልማት የሚሸጥ አይሁን። አንድ ጥያቄም መልሱልኝ፦ ቶከኑን ብታወጡት ጨዋታውን የሚከፍተው ሰው ይኖራል? የእናንተን ታንኳ እኔ ያለ ቶከንም እከፍተዋለሁ።

ያለ ጥፋት ከታገዳችሁ

ተናዳችሁ አዲስ አካውንት አትክፈቱ። አዲሱን ሲያዩ ጥርጣሬያቸው ተረጋገጠ ማለት ነው። ለጌሙ የድጋፍ ክፍል በራሱ አፕ ወይም ድረ ገጽ በኩል ጻፉ። ግሩፕ ውስጥ «እኔ አስፈታሃለሁ» ብሎ በውስጥ የሚጽፍላችሁ ሰው ሌባ ነው። የዋሌት አድራሻችሁን፣ የጀመራችሁበትን ቀን፣ ስልኩን ከማን ጋር እንደምትጋሩ በግልጽ ንገሯቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ወደ ሱቅ ኑ፣ አብረን እንጽፈዋለን። ብዙ አካውንት የነበራችሁና መተው የምትፈልጉ ደግሞ ቆየት ያለውን አንዱን አስቀሩ፣ ሌሎቹን ዝጉ፣ የተባዙትን አፖች አጥፉ። ባትሪው ካበጠ ቻርጅ ሳታደርጉ አምጡት።