የቡና አተላን ከሰል ሲያደርጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዳማ ካፌዎች በየቀኑ የሚደፋው የቡና አተላ ጥሩ ማገዶ ነው። በደንብ የደረቀ አንድ ኪሎ አተላ 20 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ስላለው ከደረቅ እንጨት አያንስም። የብዙዎች ሥራ የሚበላሸው ግን ገና እሳት ሳይነድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አተላውን ሳያደርቁ ማክሰያው በርሜል ውስጥ መክተት ነው። ከማሽን የወጣ አተላ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው፤ የጀበናው ይብሳል። ያን ውኃ በእሳት ለማትነን መሞከር ገና ያልተመረተውን ማገዶ አስቀድሞ መጨረስ ነው። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ይህን ሥራ በነፃ ይሠራሉ። አተላውን ሸራ ላይ ሣሣ አድርጎ ማስጣትና ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ይበቃል፤ ተከምሮ ካደረ ይሻግታል። በመዳፍ ጨብጠው ሲለቁት እንደተጨበጠ ከቀረ ገና ነው፤ በጣቶች መካከል እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ደርሷል።

ሁለተኛው፣ ማን እንደሚያነደው ሳያውቁ ማክሰል ነው። ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ የተቆላ አተላ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ እንደከሰለው አይቀንስም፤ ነገር ግን ሲነድ ይጨሳል። ስለዚህ የሚስማማው ጭስ ማውጫ ላለው ትልቅ ምድጃ ነው። ለቤት ከሰል ከ400 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል፤ ያኔ ከደረቁ አተላ የሚተርፈው ሲሦ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ዋጋ ሲተምኑ ይህን አይርሱ።

አተላ ደቃቅ ስለሆነ ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። በርሜሉ ከታጨቀ ዳሩ ከስሎ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ጭሱን ይመልከቱ፦ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ ሲከስል እየሣሣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያኔ አየር የሚገባበትን ሁሉ ዘግቶ ማሳደር ነው። ትኩሱን መክፈት አደገኛ ነው፤ ከሰሉ አየር ሲያገኝ በራሱ ይቀጣጠላል።

የከሰለ አተላ ዱቄት ስለሆነ ያለ ማጣበቂያ የከሰል ጡብ አይሆንም። ስኳር ፋብሪካ ያለባት ወንጂ ቅርብ ስለሆነች ብዙዎች ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፈውን ወፍራም ፈሳሽ) ይመርጣሉ፤ እሱ ግን ሲነድ ይጨሳል። ለቤት የሚሻለው በውኃ የተፈላ የበቆሎ ዱቄት ነው። ሸክላ አፈር ማብዛት ደግሞ አመድ ማብዛት ነው።

ከሰሉን ጭስ ስለሌለው ብቻ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያንዱት። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ለገዢዎችዎም ይህን በቃል ይንገሯቸው፤ በከረጢቱም ላይ ይጻፉት።