ለቤተሰብ ጎታች ጀልባ ስትመርጡ እንዳትሳሳቱ

እኛ ቨርጂኒያ ያለን ቤተሰብ ሰመር ሲመጣ ልጆቹን ይዘን ሌክ አና የሚባለው ሐይቅ እንወርዳለን። መጀመሪያ በኪራይ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ለምን አንገዛም?» ይመጣል። ምርጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ጀልባ ላይ ይቆማል። አንደኛው ኢንቦርድ ነው፤ ሞተሩ ሆዱ ውስጥ ያለ፣ ለሰርፍ (ጀልባው በሚፈጥረው ማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሳፈፍ) እና ለዌክቦርድ (በገመድ እየተጎተቱ በሰሌዳ መንሸራተት) የተሠራ። ሁለተኛው ፊቱ ላይም መቀመጫ ያለው ቦውራይደር ነው፤ ፕሮፔለሩን የያዘው መንጃ ከጀርባው ወጣ ያለ፣ ስተርንድራይቭ የሚሉት። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል።

ትልቁ ስህተት ፕሮፔለሩ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው ምላጭ፣ የት እንዳለ አለማየት ነው። ኢንቦርድ ላይ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ሥር ገባ ብሎ ይገኛል። ስተርንድራይቭ ላይ ግን ከኋላ ወጥቶ ነው የሚሽከረከረው፤ ልጆች በሚወጡበትና በሚወርዱበት በኩል ማለት ነው። ቲዩብ (ልጅ የሚቀመጥበት በአየር የተነፋ ጎማ) ወይም ስኪ በረጅም ገመድ ስትጎትቱ ልጁ ሩቅ ስለሆነ ሁለቱም ያገለግላሉ። ሰርፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰርፍ የሚያደርገው ልጅ ከጀልባው ጥቂት ሜትር ብቻ ርቆ ማዕበሉ ላይ ይቆማል፣ ገመዱንም ይለቃል። ወደ ፊት ከወደቀ ፕሮፔለሩ እዚያው ነው። ስለዚህ በተለመደው ስተርንድራይቭ ሰርፍ አይሞከርም። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚል ካለ አትስሙት። ልጆቻችሁ ሰርፍ ካማራቸው ምርጫው እዚህ ላይ አለቀ፤ ኢንቦርዱን ውሰዱ።

ኢንቦርድ ገዛን ብላችሁ ግን አትዘናጉ። የሁለቱም ጭስ በኋላ በኩል ይወጣል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታ የለውም። ሞተሩ እየሠራ ልጅ ኋላ መድረኩ ላይ አይቀመጥም። ልጅ ውኃ ውስጥ ሲገባም ሲወጣም ሞተሩ ይጥፋ።

ሰርፍ የማያምራቸው፣ ቲዩብ ብቻ የሚበቃቸው ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ውድ ኢንቦርድ መግዛት ራሱ ስህተት ነው። ስተርንድራይቭ መንጃውን ከፍ ማድረግ ስለሚቻል ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ይጠጋል። ለሽርሽርና ለዋና ይመቻል።

ሌላው ስህተት ወንበር ቆጥሮ መግዛት ነው። እኛ ዘመድ እንወዳለን። ስድስት ሆነን አስበን አሥር ሆነን እንመጣለን፣ አይስ ቦክሱ ሳይቆጠር። ወንበር ኖረ ማለት ጀልባው ይሸከማል ማለት አይደለም። የአቅም ሰሌዳውን አንብቡ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ ባጠሩ የሞተር ጀልባዎች ላይ በሕግ ግዴታ ነው፣ የሰውና የክብደት ልክ ተጽፎበታል። የሰርፍ ጀልባ ማዕበል ለመፍጠር ውኃ ይጭናል፤ አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ታንኩ ሲሞላ ለሰው የሚተርፈው ይቀንሳል።

መኪናችሁን መርሳትም ስህተት ነው። ብዙዎቻችን ሲየና፣ የቶዮታን የቤተሰብ ቫን፣ ነው የምንነዳው። የመጎተት አቅሙ 3,500 ፓውንድ ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ ደረቅ ክብደት ነው፤ ነዳጅ፣ ዕቃና ተሳቢው አልተደመረበትም። የ40 ጋሎን ነዳጅ ብቻ ወደ 240 ፓውንድ ይሆናል። የሰርፍ ኢንቦርድ አብዛኛው ገና ባዶውን ከሲየና አቅም በላይ ነው። ስለዚህ የጀልባው ዋጋ ላይ የመኪና ዋጋ ሊጨመርባችሁ ይችላል፤ ቤት ሳላችሁ አስሉት።

አሮጌ ከሆነ ዓመተ ምህረቱን ብቻ አትጠይቁ፤ ሞተሩ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጠይቁ። መካኒክም ይየው።

በመጨረሻ፣ ባልና ሚስት ብቻ ሄዳችሁ አትፈርሙ። ሁለቱንም ጀልባ ውኃ ላይ ሞክሩ፣ ልጆቹም ይምጡ። ቲዩብ የሚታሰርበትን ቦታ አሳዩኝ በሉ፤ ዌክቦርድ የሚጎትተው ከፍ ያለ ማማ (ታወር) ላይ ቲዩብ አይታሰርም። መንጃ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ኋላ ያለው ልጅ በመስታወት ይታያችሁ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሞተሩ ይጥፋና ትንሹ ልጅ ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ ከውኃው በመሰላሉ ይውጣ። ብቻውን መውጣት ካልቻለ፣ ያንን ጀልባ ተዉት።