ፋንክሽን ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ምልክታቸው፣ ምክንያታቸው፣ መፍትሄያቸው

ብዙ ተማሪ «ካልኩለስ ከበደኝ» ይላል። ወረቀቱን ስታዩት ግን የከበደው ካልኩለሱ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይጠራ የመጣው ፋንክሽን ነው፤ ለእያንዳንዱ ኤክስ አንድ ዋይ ብቻ የሚሰጥ ደንብ ማለት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ለየብቻ የቆሙ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ግን የሚመጡት ፎርሙላውን አይቶ ዶሜኑን፣ ማለትም እንዲገቡ የተፈቀዱትን ኤክሶች፣ ከመዝለል ነው።

«2ም −2ም 4 ከሰጡ እንዴት ፋንክሽን ይሆናል?»

ምልክቱ፦ ዋይ = ኤክስ² ፋንክሽን አይደለም ብላችሁ መልሳችኋል።

ምክንያቱ፦ አቅጣጫው ተገልብጦባችኋል። የተከለከለው አንድ ኤክስ ሁለት ዋይ እንዲኖረው ነው። ሁለት ኤክሶች አንድ ዋይ ቢጋሩ ችግር የለውም። በአንድ ፈተና ሁለት ተማሪዎች እኩል 80 ሊያመጡ ይችላሉ። አንድ ተማሪ ግን በዚያው ፈተና 80ም 65ም አመጣ አይባልም።

መፍትሄው፦ ግራፉ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። የትም ብታሰምሩት ግራፉን ከአንድ ጊዜ በላይ ካልነካ ፋንክሽን ነው። ኤክስ = ዋይ² እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ኤክስ 4 ሲሆን ዋይ 2ም −2ም ይሆናልና። አግድም መስመር የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፋንክሽኑ ዋን ቱ ዋን (ሁለት ኤክሶች አንድ ዋይ የማይጋሩበት) ነው ወይስ አይደለም? ኤክስ² ፋንክሽን ነው፣ ዋን ቱ ዋን ግን አይደለም። ዶሜኑን ከ0 ጀምሮ ወደ ላይ ብቻ ካደረጋችሁት ዋን ቱ ዋን ይሆናል፤ ኢንቨርሱም (ከውጤቱ ወደ ገባው ቁጥር የሚመልሰው ፋንክሽን) √ኤክስ ነው። ፎርሙላው አልተነካም፣ ጠባዩ ግን ተለወጠ።

አቃልላችሁ ስታበቁ ዶሜኑ ይሳሳታል

ማትሪክ ላይ ነጥብ የሚያስጥለው በዋናነት ይሄ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። (ኤክስ² − 4)/(ኤክስ − 2) ተሰጥቷችኋል። ላዩን ስትበትኑት (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 2) ይሆናል። ኤክስ − 2 ከላይም ከታችም ይጠፋል፣ ኤክስ + 2 ይቀራል። ከዚያ «ዶሜኑ ሁሉም ሪል ነምበር ነው» ትላላችሁ። ስህተት ነው። በኤክስ ቦታ 2 አስገቡና መጀመሪያ የተሰጣችሁን አስሉት፦ 0/0 ይመጣል። ግራፉ የኤክስ + 2 ቀጥታ መስመር ነው፣ ግን (2, 4) ላይ ቀዳዳ አለው። በስልክ አፕ ብትስሉት ቀዳዳው ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ዓይናችሁን አትመኑ።

መፍትሄው፦ ምንም ሳትሰርዙ በፊት ዶሜኑን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉ። የምትፈትሹት ጥቂት ነው። ከሥር ያለው 0 መሆን የለበትም፣ ስኩዌር ሩት ውስጥ ኔጌቲቭ አይገባም፣ ሎግ ውስጥ የሚገባው ከ0 መብለጥ አለበት። ሁለቱ ሲደራረቡ ተጠንቀቁ፦ በ1/√(ኤክስ − 3) ላይ 3 ራሱ አይገባም። ሎግ(ኤክስ²) እና 2ሎግ(ኤክስ)ም አንድ አይደሉም። −5 የመጀመሪያው ውስጥ ይገባል፣ ሁለተኛው ግን አይቀበለውም።

ኢቨን ነው ወይስ ኦድ?

ምልክቱ፦ ኤክስ³ + 1ን ኦድ ብላችኋል። ምክንያቱ ፓወሩን ብቻ ማየት ነው፤ 1 ብቻውን ሲቆም ኢቨን መሆኑ ተረሳ። መፍትሄው፦ በኤክስ ቦታ −ኤክስን በቅንፍ አስገቡ። ያለ ቅንፍ −3² −9 ነው፣ (−3)² ደግሞ 9። ያው ራሱ ከተመለሰ ኢቨን፣ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠ ኦድ። ከሁለቱም ካልሆነ ከሁለቱም አይደለም ብላችሁ ጻፉ፤ አብዛኛው ፋንክሽን እንዲያ ነው። ዶሜኑ ከ−1 እስከ 3 የሆነ ኤክስ² ደግሞ ኢቨን አይደለም፤ 3 አለ፣ −3 ግን የለም።

1/ኤክስ «ሁሌም ይቀንሳል»?

ግራፉን ስታዩት በግራም በቀኝም ይወርዳል። ግን −1ን አስገቡ፣ −1 ይወጣል። 1ን አስገቡ፣ 1 ይወጣል። ኤክስ ጨመረ፣ ዋይም ጨመረ። ትክክለኛው መልስ፦ ከ0 በታች ይቀንሳል፣ ከ0 በላይም ይቀንሳል፣ በጠቅላላ ዶሜኑ ላይ ግን ቀናሽ አይባልም። ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ጻፉ፣ አታዋህዷቸው።

ምድቡ ሲጠፋባችሁ

ተለዋዋጩ የት እንዳለ እዩ። ኤክስ² ላይ ከታች ነው፣ ስለዚህ ፖሊኖሚያል ነው። 2 ፓወር ኤክስ ላይ ከላይ ነው፣ ስለዚህ ኤክስፖኔንሻል ነው። ኤክስ 2 ወይም 4 ሲሆን እኩል ይሆናሉ፤ 3 ላይ እንዲያውም ኤክስ² ይበልጣል፣ 9 ለ8። 20 ላይ ግን 400 እና 1,048,576 ናቸው። √2 · ኤክስም ፖሊኖሚያል ነው፤ ሩቱ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነው። √ኤክስ ግን አይደለም።

ከየትኛውም ምድብ አልገባ ያለ ሁሉ «ፋንክሽን አይደለም» ማለት ግን አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1748 ፋንክሽንን በፎርሙላ ነበር የገለጸው። በ1829 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ዲሪክሌ ራሽናል ቁጥር (የሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ የሚጻፍ) ላይ አንድ ዋጋ፣ ኢራሽናል ላይ ሌላ ዋጋ የሚሰጥ ፋንክሽን አቀረበ። ዋጋዎቹን 1 እና 0 እናድርጋቸው። ግራፉ በእጅ አይሳልም። ሆኖም ለእያንዳንዱ ኤክስ አንድ ዋጋ ብቻ አለው፣ ስለዚህ ፋንክሽን ነው። ከላይ ባለው መንገድ ብትፈትሹት ኢቨን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ኦንቱ ነው ወይ ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ ኮዶሜኑን፣ ማለትም ዋዮቹ እንዲገኙበት የተሰጠውን ስብስብ፣ ፈልጉ፤ እዚያ ያለው ቁጥር ሁሉ ከፋንክሽኑ የሚወጣ ከሆነ ኦንቱ ነው። ኤክስ² ወደ ሁሉም ሪል ነምበር ከተባለ ኦንቱ አይደለም፤ ከ0 ጀምሮ ወደ ላይ ከተባለ ነው። ጥያቄው ኮዶሜን ካልሰጠ ጎደሎ ነውና መምህሩን ጠይቁ።