እብጠት አልወርድ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክት፦ ቁርጭምጭሚት ወለም ብሎ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ይሞቃል።

መንስኤ፦ ሰውነት ጥገና ጀምሯል፤ ይህ ምላሽ መቆጣት ይባላል። በተጎዳው ቦታ ያሉ ማስት ሴሎች (የመከላከያ ሴሎች ናቸው) ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ሲለቁ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ከግድግዳቸውም ፈሳሽ ይሾልካል። ሙቀቱና ቅላቱ ከደሙ፣ እብጠቱ ከፈሳሹ የመጣ ነው፤ ሕመሙን የሚያባብሰው ሰውነት የሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ኬሚካል ነው። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊሎች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። በአንድ ሁለት ቀን ማክሮፋጆች የተባሉ ጠራጊ ሴሎች ተረክበው የሞተውን ይጠርጋሉ፣ መቆጣቱም እንዲበርድ ያደርጋሉ።

መፍትሄ፦ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ሕመሙ ሲቀንስ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ ራጅ ያስፈልጋል። አይቡፕሮፌን የተባለው ማስታገሻ ፕሮስታግላንዲንን ስለሚቀንስ ሕመሙን ያስታግሳል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ከ20 ሳምንት ያለፈች ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያዝዝ አይውሰዱት።

ምልክት፦ የቁስል ዙሪያ ቅላት በየቀኑ ይሰፋል።

ጀርም ገብቷል። የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት። ቅላቱ መስመሩን ካለፈ፣ ቀይ ሰንበር ከወጣ ወይም ትኩሳት ከተነሳ በዚያው ቀን ሕክምና ቦታ ሂዱ። ማስታገሻ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጀርሙን አይገድልም።

ምልክት፦ ጠዋት የሁለቱም እጅ ጣቶች ይገተራሉ፤ ለመፍታታት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ ይህም ከ6 ሳምንት አልፏል።

ብዙዎች «ብርድ ነው» ብለው ወራት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነው የተበላ አጥንት ተመልሶ አለመሙላቱ ነው። መገጣጠሚያ በአገልግሎት ብዛት ሲያልቅ የሚመጣ መገተር ብዙውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ይህኛው ካልለቀቀ የሩማቶይድ አርትራይተስ ጥርጣሬ አለ፦ የመከላከያ ሴሎች የገዛ አካልን የመገጣጠሚያ ሽፋን ያጠቃሉ፤ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 የተባሉ የመልእክት ፕሮቲኖች እየመነጩ ሌሎች ሴሎችን ይጠራሉ፣ የተጠሩትም መልሰው ያመነጫሉ። ዙሩ ራሱን ስለሚመግብ መቆሚያ የለውም።

መፍትሄ፦ የደም ምርመራ ቶሎ ማድረግ፦ የሩማቶይድ ፋክተርና የአንቲ-ሲሲፒ (በዚህ በሽታ የሚታዩ ፀረ እንግዳ አካላት)፣ እንዲሁም የሲአርፒ (በመቆጣት ጊዜ በደም የሚጨምር ፕሮቲን)። ሲአርፒ መነሻው ሲወገድ በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚወርድ፣ በቀናት ልዩነት ቢደገም መቆጣቱ መብረድ አለመብረዱን ያሳያል። የበሽታ መከላከያውን የሚያረግበው ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ከታዘዘ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መዋጥ መቅኔን (ደም የሚሠራበትን የአጥንት ውስጠኛ ክፍል) አድክሞ ሊገድል ስለሚችል ቀኑን በማሸጊያው ላይ በትልቁ ጻፉት።

መገጣጠሚያ አንዱ ብቻ በድንገት አብጦ ትኩሳት ከጨመረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።