የሞዴል አውሮፕላን ፎር ስትሮክ ሞተር ኩሽኔታ ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ላይ ያለ የፎር ስትሮክ ሞተር ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) በመሽከርከር ብዛት ተበልቶ የሚያልቀው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ዝገት ነው። በቱ ስትሮክ ሞተር ነዳጁ ከነዘይቱ በክራንክኬዙ (ዋናው ዘንግ በሚዞርበት የሞተሩ ቤት) ውስጥ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ዙር ኩሽኔታዎቹን ያጥባቸዋል። በፎር ስትሮክ ግን ነዳጁ በቫልቭ በኩል በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ወደ ታች የሚደርሰው የፒስተኑን ፋሻ አልፎ የሚሾልከው ብቻ ነው። እሱም ዘይት ቢኖረውም ከቃጠሎ የተረፈ ውሃና አሲድ ይዟል። የነዳጁ ዋና ክፍል የሆነው ሜታኖል ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ሞተሩ እንዲህ እንዳለ መደርደሪያ ላይ ሲከርም በተለይ የኋላው ኩሽኔታ ይዝጋል።

መቀየሩ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። የጃፓኑ ሞተር ሠሪ ኦኤስ፣ ኤፍኤስ-60 የተባለውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ካወጣ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ሞተሮች ቤት ውስጥ በጥቂት መፍቻ ተፈተው የሚገጠሙ ናቸው። የሚያሳዝነው ዓመታት ሊሠራ የሚችል ሞተር በጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሲበላሽ ነው።

ሳያጥቡ መፍረድ

ሞተሩ በእጅ ሲዞር ከበደ ማለት ኩሽኔታው ሞተ ማለት አይደለም። ነዳጁ የጉሎ ዘይት ካለበት፣ ዘይቱ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል። መጀመሪያ ካንዴላውን አውጡ፤ በሜታኖል ወይም በቀጭን ዘይት አርሱትና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከለሰለሰ ችግሩ ያ ነበር። አሁንም አሸዋ የገባበት ያህል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ወይም ክራንክሻፍቱን (ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ዋና ዘንግ) ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ያኔ ኩሽኔታ ነው። ከክራንክኬዙ መተንፈሻ ቀይ ቡናማ ዘይት ሲወጣም ዝገት መግባቱን ታውቃላችሁ።

ሌላም አለ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ተረጋግቶ አልሠራ ሲል ብዙ ሰው ኩሽኔታውን ይጠረጥራል። በተለመዱት የኦኤስና የሳይቶ ፎር ስትሮኮች ላይ ክራንክኬዙ ነዳጅና አየር አይገፋም። ስለዚህ የፊት ኩሽኔታ ትንሽ ቢያፈስ የነዳጁን ልክ አያዛባም። ዋይኤስ የተባለው ሞተር ግን ይለያል፤ እሱ አየሩን ክራንክኬዙ ውስጥ ጨምቆ ስለሚጠቀም የኩሽኔታ ማፍሰስ ጉልበቱን ይነካዋል።

መዶሻ ማንሳት

ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው የሚፈጸመው። ኩሽኔታው በጠባብ ልክ የተገጠመ ስለሆነ ብርድ ላይ እያለ በመዶሻ ቢመታ የክራንክኬዙ ቀዳዳ ይቦጫጨራል፤ አንዳንዴም ክራንክሻፍቱ ይጣመማል። የተጣመመ ክራንክሻፍት ደግሞ አዲሱን ኩሽኔታ በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

መፍትሔው ሙቀት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። የኩሽኔታው የውጭ ዲያሜትር 24 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ክራንክኬዙን ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ስታደርሱት በቀዳዳውና በኩሽኔታው መካከል ወደ ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል። ያ ይበቃል።

ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) መጀመሪያ ይውጣ፤ ጥርሱ ከክራንክሻፍቱ ጥርስ ጋር ተያይዟልና። ካርቡራተሩ፣ ካንዴላው፣ የጎማ ቀለበቶቹና ፕላስቲክ የሆነ ነገር ሁሉ ይነሱ። ሲሊንደሩን አንሱ፤ ቢየላውን (ከፒስተኑ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ከክራንክሻፍቱ አላቁ፤ ክራንክሻፍቱን ወደ ኋላ አውጡት። እንቢ ካለ ዳዶው የሚታሰርበት ጥርስ እንዳይጎዳ የፕሮፔለሩን ዳዶ ጫፉ ላይ አስራችሁ፣ ክራንክኬዙን አሙቃችሁ በእንጨት ግፉት። ከዚያ ባዶውን ክራንክኬዝ በደንብ አጥቡት። በተለይ ሜታኖል እንዳይቀርበት! እንፋሎቱ ይቀጣጠላል፤ መርዝም ነው፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። ከዚያ ኦቭን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ። በወፍራም ጓንት ይዛችሁ አፉን ወደ ታች በእንጨት ላይ ጠብ ስታደርጉት የኋላው ኩሽኔታ ራሱ ይወድቃል። የፊተኛው ከውስጥ በኩል በእንጨት ዱላ ትንሽ መገፋት ሊፈልግ ይችላል። ካልወጣ እንደገና አሙቁት እንጂ ጉልበት አትጨምሩ። የጋዝ ችቦ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ስለሚያግል ቀረጻውን ሊያጣምመው ይችላል።

ሲገጠም ነገሩ ይገለበጣል። አዲሱን ኩሽኔታ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ክራንክኬዙን አሙቁና ቀጥ አድርጋችሁ ጣሉት። እስከ መጨረሻው መቀመጡን ሳይቀዘቅዝ አረጋግጡ።

ባልሆነው ቀለበት ላይ መግፋት

ኩሽኔታ ወደ ክራንክኬዝ ሲገባ የሚገፋው የውጭ ቀለበቱ ነው። ወደ ክራንክሻፍት ሲገባ የውስጡ። ይህ ከተዛባ ኃይሉ በኳሶቹ ላይ ያልፍና መንገዳቸውን ይቀጠቅጠዋል። ገና ከመጀመሪያው በረራ ይጮኻል።

የኩሽኔታውን ዓይነት አለማየት

አሮጌው ላይ ኮድ አለ። ለምሳሌ 6901 ማለት ውስጡ 12፣ ውጩ 24፣ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር ነው። ኮዱ ከጠፋ በካሊፐር ለኩ። የኋላው ኩሽኔታ ክፍት መሆን አለበት፤ ዘይት የሚያገኘው ከክራንክኬዙ ነውና። ሽፋን ያለው ብቻ ከተገኘ ሽፋኑን በቀጭን መርፌ አንሱለት። የፊተኛው በፕሮፔለሩ በኩል ያለው ሽፋን ይቅርለት፤ ዘይት እንዳይወጣና አቧራ እንዳይገባ ይጠብቃል።

ካምሻፍቱን በግምት መመለስ

ካምሻፍት ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ይዞራል። አንድ ጥርስ ቢዛነፍ ሞተሩ አይነሳም፤ ቢነሳም ጉልበት የለውም። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሳችሁ የካምሻፍቱን ምልክት መመሪያው እንደሚለው አስተካክሉ። ጥርሱ ሰያፍ ከሆነ ሲገባ ትንሽ ስለሚዞር፣ ምልክቱ መታየት ያለበት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት በእጅ አዙራችሁ ፈትሹ። ጭስ ማውጫው መዝጋት ሲጨርስና አየር ማስገቢያው መክፈት ሲጀምር ፒስተኑ ጫፉ አካባቢ መገኘት አለበት።

የቫልቭ ክፍተትን መርሳት

ሲሊንደሩ ተነስቶ ስለተመለሰ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት እንደነበረ አይቆይም። ሞተሩ በርዶ፣ ፒስተኑ በጭመቃው ጫፍ ላይ እያለ ይለካል። የኦኤስ ልክ ከ0.04 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ የሌሎቹም ብዙ አይርቅም። ከጠበበ ቫልቩ አይዘጋም፣ ጭመቃ ይጠፋል፣ ዝቅተኛ ዙር ይበላሻል። ከሰፋ ይንኳኳል፤ ቫልቩም በቂ አይከፈትም።

ችግር ሲመጣ ነዳጅ መርፌው ላይ መሮጥ

ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ ቢያስቸግር ብዙዎች መጀመሪያ የሚነኩት የነዳጁን መጠን የሚወስነውን መርፌ ነው። መርፌው ቀድሞ የነበረበት ቦታ ይጠፋል፤ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል። እኔ የምመክረው ይህን ቅደም ተከተል ነው። ካንዴላው ይግላል ወይ? ለፎር ስትሮክ የሚሆን ዓይነት ነው ወይ? የነዳጅ ቱቦው አልተበሳም? ጋኑ ውስጥ ያለው ቱቦ አልታጠፈም? የካርቡራተሩ ማገናኛ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት አየር አያስገባም? የቫልቭ ክፍተቱስ? ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ መርፌው ሂዱ።

አዲስ አበባ ላይ የሚያበር ሰው ደግሞ ከፍታውን ያስብ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ፣ ቆላ ላይ ልክ የነበረው መርፌ እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ትንሽ ትንሽ እያሉ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ግን ከልክ በላይ አይሁን። ፎር ስትሮክ ነዳጅ ሲያንሰው ያንኳኳል፣ ወደ ኋላ ይመታል፣ ዳዶው ይላላና ፕሮፔለሩን ይወረውራል። ሁለተኛውን መቆለፊያ ዳዶ አትተዉት። መርፌ ስታስተካክሉ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሁኑ እንጂ ፊቱና ጎኑ ላይ አትቁሙ። ከፍተኛውን ዙር አግኝታችሁ ወደ 300 ዙር ያህል እስኪቀንስ መርፌውን መልሳችሁ ክፈቱት።

ሞተሩ ተገልብጦ የተገጠመ ከሆነም ስታርተር ከመንካታችሁ በፊት በእጅ አዙሩት። ነዳጅ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ከሆነ ይቆለፋል፤ ስታርተር ካስገደደው ቢየላው ይጣመማል።

በረራ ሲያልቅ እንዲሁ ማስቀመጥ

አዲሱ ኩሽኔታ ዕድሜው የሚወሰነው እዚህ ነው። በቀኑ መጨረሻ ሞተሩ እየሠራ የነዳጁን ቱቦ ቆልፉና በውስጡ ያለውን አቃጥሎ ይጥፋ። ገና ሙቅ እያለ በክራንክኬዙ መተንፈሻ በኩል ጥቂት ዘይት ጨምሩበት፤ የአየር መሣሪያ ዘይት ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሆናል። በካንዴላው ቀዳዳም ጥቂት ጠብታ። ከዚያ አውሮፕላኑን አፍንጫውን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያደረጋችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩት፤ ዘይቱ ከፊትም ከኋላም ኩሽኔታ እንዲደርስ።