ፓንክኸርስት ከየት መጣ? የአንድ ብርቅ እንግሊዛዊ ስም ሥር እንዴት እንደሚፈለግ

አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ውስጥ የወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብር አለ። ጣሊያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1936፣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባለውን ጋዜጣ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድም እዚያው አርፈዋል። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ምን ማለት ነው? ከየትኛው የእንግሊዝ መንደር ተነሣ?

ይህን ለማወቅ ስነሣ የሁለት ቅዳሜና እሁድ ሥራ መስሎኝ ነበር። አራት ወር ፈጀ። ከአራቱ ሁለቱ ወር በአንዲት ፊደል ምክንያት ባከነ። እናንተ እንዳይደርስባችሁ መንገዱን ላሳያችሁ። ፓንክኸርስትን ምሳሌ አድርጌ ነው የምሄደው፤ ለሌላ ብርቅ ስምም አካሄዱ ያው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት

ስሙ ምን ማለት ነው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። የስሙ ባለቤቶች የት የት ይኖሩ ነበር የሚለው ሌላ ነው። ብዙ ሰው መዝገበ ቃላት ከፍቶ በመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ ከሁለተኛው ጀምሩ ባይ ነኝ። ሰዎቹ የት እንደነበሩ ሳታውቁ ትርጉም ብትሰጡ ግምት ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ያዙ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ በየትውልዱ ይቀየራል። የእንግሊዞቹ አይቀየርም። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ስም ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ መውረድ ጀመረ። በ1400 አካባቢ አብዛኛው ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም ነበረው። ምንጩም ባብዛኛው ከአራት አንዱ ነው፦ ቦታ፣ ሙያ፣ የአባት ስም ወይም ቅጽል ስም። ስሚዝ አንጥረኛ ነው፤ ጆንሰን የጆን ልጅ። እንዲህ ያሉት በየመንደሩ የበቀሉ ስለሆኑ አንድ ሥር የላቸውም። ብርቅ ስም ግን ከአንድ ጠባብ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰው ሊነሣ ይችላል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ያወጡት የዘረመል ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። ስሚዝ የሚባሉ ወንዶች በአባት ዘር እምብዛም አይገናኙም። አተንቦሮ የሚባሉት ግን አብዛኞቹ ከአንድ አባት የወረዱ ናቸው።

2. የስሙን አጻጻፎች ሰብስቡ

ድሮ ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው። ባለቤቱ ራሱ ማንበብ ላይችል ይችላል። ስለዚህ ፓንክኸርስት፣ ፔንክኸርስት፣ ፒንክኸርስት እያላችሁ ዘርዝሩ። የፍለጋ ድረ ገጾች ላይ በምትጠራጠሩበት ፊደል ቦታ የኮከብ ምልክት (*) አስገቡ። ሁሉንም ያመጣላችኋል።

3. በነጻዎቹ መዝገቦች ጀምሩ

ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነጻ ነው፤ አካውንት ብቻ ይበቃል። ፍሪቢኤምዲም ነጻ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ከጀመረበት ከሐምሌ 1837 ወዲህ ያለውን ማውጫ ይዟል። እነዚህን ሳትጨርሱ ለማንም ድረ ገጽ አትክፈሉ። እኔ ቸኩዬ የአንድ ዓመት ክፍያ ፈጽሜ፣ መጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የሠራሁት በነጻዎቹ ነው።

ዋናው መነሻችሁ የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ይሁን። በጎ ፈቃደኞች ሙሉውን ገልብጠውታል፤ በነጻ ይገኛል። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ቦታ ይሰጣል። የ1841ዱ እንዲህ አይደለም። እዚያ የአዋቂዎች ዕድሜ ወደ ታች በአምስት በአምስት ተጠጋግቷል፤ የትውልድ ቦታም ዝርዝር የለውም። ከ1931 ደግሞ አትጠብቁ፤ የእንግሊዝና የዌልሱ በ1942 በእሳት ወድሟል።

ያገኛችሁትን ሁሉ በኤክሴል አስገቡ። ስም፣ ዓመት፣ ደብር፣ ካውንቲ፣ የመዝገቡ ዓይነት። በመጨረሻ አንድ ዓምድ ጨምሩና «የመዝገቡን ገጽ ምስል አይቻለሁ ወይ?» በሉት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

4. ምስሉን ራሳችሁ እዩት

ሁለቱን ወር የበላብኝ ይህ ነው።

ፓርክኸርስት የሚባል ሌላ ስም አለ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፓንክኸርስት የሚለየው በሦስተኛዋ ፊደል ብቻ ነው፤ እዚህ ኤን፣ እዚያ አር። በኅትመት ላይ ግልጽ ነው። በ1700ዎቹ በቸኮለ የደብር ጸሐፊ እጅ ላይ ግን አይለይም። ኤን ሁለት እግር አላት። አር አንድ እግርና አጭር ትከሻ። ጸሐፊው ሲፈጥን የኤን ሁለተኛ እግር ከምትቀጥለው ኬ ግንድ ጋር ይጣበቃል። ያኔ ኤኗ አር መስላ ትቀራለች።

እኔ የሠራሁት ስህተት ይሄ ነው። ሌሎች ገልብጠው ያስገቡትን ዝርዝር አምኜ ምስሉን አላየሁም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ስም ሁለት አጻጻፎች ናቸው ብዬም አብሬ ደመርኳቸው። ሰዎቹ የተገኙበትን ቦታ በነጥብ ያመለከትኩበት ካርታዬ ወደ ሰሪ ካውንቲ አዘነበለ። ፓርክኸርስቶች እዚያ የቆዩ ናቸውና፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሪች ጳጳስ የነበሩት ጆን ፓርክኸርስት የጊልፎርድ ሰው ናቸው። ፓንክኸርስቶች የሚከማቹበት ሱሴክስ ደግሞ ከሰሪ ጋር ድንበርተኛ ነው። ስለዚህ ቦታው ራሱ «ተሳስተሃል» አይላችሁም። መደምደሚያዬን ሁሉ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

አንድ ማታ አንድ የጥምቀት መዝገብ ገጽ ከፈትኩ። ዝርዝሩ ፓርክኸርስት ይላል። ምስሉን አጎላሁት። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ፊደሏ ምን እንደሆነች ብቻዋን ሳያት አልለይም። ሁለት መስመር ወረድ ስል ሃና የምትባል ሕፃን አለች። ሃና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁለት ኤኖች አሉት። ከሥሯ ሳራ አለች፤ ሳራ መሐሉ ላይ አር አለው። እጁ የአንድ ሰው ነው። የዚህ ጸሐፊ አር ትከሻዋ ሰፋ ብሎ ከመስመሩ ሥር የምትቆም ናት። ኤኑ ግን ጠባብ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ጭረቶች። ወደ ስሙ ተመለስኩ። ጠባብ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ጭረቶች። ሰውየው ፓንክኸርስት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም እንደገና ጀመርኩ። እናንተም እንዲህ አድርጉ። በየገጹ ሃና ወይም ጄን፣ ሳራ ወይም ሜሪ የሚሉ ስሞች አይጠፉም። ኤኑን ከመጀመሪያዎቹ፣ አሩን ከሁለተኞቹ ውሰዱ። ከዚያ ከስሙ ጋር አስተያዩ። ጸሐፊው ሲቀየር ከዜሮ ጀምሩ፤ ያለፈው ሰው እጅ ለአዲሱ አይሠራም። ውጤቱን «እርግጠኛ»፣ «ይመስላል»፣ «አልለየሁም» ብላችሁ መዝግቡ። «አልለየሁም» ያላችሁትን ካርታ ላይ አታስገቡ፣ ቢያጓጓችሁም።

የእናንተ ስም ሌላ ከሆነ የሚያሳስታችሁ ፊደልም ሌላ ይሆናል። የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱን ማወቅ ነው።

5. ብዛትን በሕዝብ ቁጥር አካፍሉ

ጥሬ ቁጥር ብቻ ካርታ ላይ ብታስቀምጡ የትኛውም ስም የለንደን ወይም የላንካሸር ስም ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው ያለው እዚያ ነው። በ1881 ሱሴክስ ወደ 490,000፣ ላንካሸር ወደ 3.45 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። በሁለቱም ሃምሳ ሃምሳ ሰው አገኛችሁ እንበል። ከ100,000 ሰው ሲሰላ ሱሴክስ 10 ይደርሳል፣ ላንካሸር 1.4 ብቻ። የሰባት እጥፍ ልዩነት ነው።

ሌላው የምመክረው፣ ነጥቡን በመኖሪያ ሳይሆን በትውልድ ቦታ አስቀምጡ። በ1881 ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ብቻ ለይታችሁ የትውልድ ቦታቸውን ብትጠቁሙ፣ ስሙ በ1820 ገደማ የት እንደነበር ታያላችሁ፤ ባቡርና ፋብሪካ ሰዉን ከመበተናቸው በፊት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ አቋራጭ አላገኘሁም።

ፓንክኸርስት ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ዝነኛው ቤተሰብ የማንቸስተር ነው። የሲልቪያ እናት ኤመሊን ጎልደን ጠበቃውን ሪቻርድ ማርስደን ፓንክኸርስትን በ1879 አገቡ፤ ሲልቪያም በ1882 እዚያው ማንቸስተር ተወለዱ። ከዚህ ተነሥቶ ስሙን የሰሜን እንግሊዝ የሚያደርገው ብዙ ነው። ነጥቦቹ ሲሰፍሩ ግን የሚከማቹት ደቡብ ምሥራቅ ላይ ነው፦ ሱሴክስና ኬንት።

6. ወደ ኋላ ሂዱ

የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሚኒስትር ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ሁሉም አይደለም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከ1662 እስከ 1689 የተሰበሰበው የምድጃ ግብር አለ፤ ሰው በቤቱ ባለው ምድጃ ቁጥር ይከፍል ነበር። ለመካከለኛው ዘመን የ1377፣ የ1379ና የ1381 የነፍስ ወከፍ ግብሮች አሉ። ሱሴክስ ላይ የ1296፣ የ1327ና የ1332 የግብር ዝርዝሮች ታትመዋል፤ ትልቅ ሀብት ናቸው።

እዚህ ጋ ባዶ ቦታ እንዳያታልላችሁ። በ1641 እና 1642 ዕድሜያቸው 18 የሞላ ወንዶች ቃለ መሐላ እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ዝርዝሩ ለምዕራብ ሱሴክስ ተርፏል፤ ለምሥራቁ አልተረፈም። ስሙ በምሥራቅ አልታየም ማለት ሰዎቹ አልነበሩም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ነው የሌለው።

7. አሁን ስለ ትርጉሙ ጠይቁ

በ2016 በኦክስፎርድ የታተመው ባለ አራት ቅጽ የብሪታንያና አየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ዋናው መሣሪያ ነው። የድሮዎቹንም አትናቁ፤ ግን የመዝገብ ማስረጃ የማይጠቅሱትን አትመኑ።

ስለ ፓንክኸርስት ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው ቦታ ነው ይላል። «ኸርስት» በጥንታዊ እንግሊዝኛ በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ ነው። በሱሴክስና በኬንት መሐል ዊልድ የሚባል የድሮ ጫካ አገር አለ። ዋድኸርስት፣ ታይስኸርስት፣ ላምበርኸርስት፣ ሆክኸርስት፣ ጋውድኸርስት፤ በየአቅጣጫው ኸርስት ነው። ፒንክኸርስት የሚባሉ ቦታዎችም በሱሴክስና በሰሪ አሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ጸሐፊ አዳም ፒንክኸርስት ስሙን ያገኘው ከሰሪው ቦታ ነው ተብሎ ይታመናል።

ሁለተኛው አስተያየት እኛን የሚያስደስት ነው። ስሙ «ፔንተኮስት» ከሚለው ተለውጦ የመጣ ነው ይላል። ጰራቅሊጦስ ማለት ነው። በዚያ በዓል ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም ነበር። እኛ ለልጅ ፋሲካ ብለን እንደምንሰይመው ሁሉ፣ ኮርንዎል ውስጥ ያለው ፓስኮ የሚባል የቤተሰብ ስም ምንጩ ፋሲካ ነው።

ካርታው ሁለቱን ይለያል? መጀመሪያ ላይ አዎ ብዬ ነበር። ነጥቦቹ ኸርስት በሞላበት አገር ላይ ስለተከማቹ ቦታው ያሸንፋል አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እንደዚያ አይደለም። ጆሮው ዋድኸርስትና ታይስኸርስት የለመደ ጸሐፊ ያልገባውን «ፔንተኮስት» ሲሰማ መጨረሻውን ወደሚያውቀው «ኸርስት» ቢያዞረው ምን ይገርማል? ይህ ለውጥ ሊሆን የሚችለውም እዚያው ዊልድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያው ካርታ ለሁለቱም ይመሰክራል።

የሚለየው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ደብር፣ በአንድ ቤተሰብ፣ የመጀመሪያው ልጅ ሲጠመቅ የቤተሰብ ስሙ ፔንተኮስት ወይም ፔንቲኮስት ተብሎ ተጽፎ የተከታዩ ፓንክኸርስት ከተባለ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ወይም ኑዛዜ ላይ ሁለቱም ስም በአንድ ሰው ስም ጎን ከተጻፈ። ፒንክኸርስት እና ፓንክኸርስት እንዲህ ሲቀያየሩ ካያችሁ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ቦታው ያደላል። ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ አንድ ስም ሁለት ምንጭ ቢኖረው ብርቅ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚህ ደረጃ ላይ ስትደርሱ «የቤተሰባችሁ አርማ» እያሉ የሚሸጡ ይመጡባችኋል። እኔ ለአንድ ወዳጄ ስጦታ ብዬ ገዝቻለሁ፤ ወረቀቱ ምንም ዋጋ እንደሌለው ያወቅሁት ከሰጠሁት በኋላ ነው። በእንግሊዝ አርማ የሚሰጠው በ1484 የተቋቋመው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። የሚሰጠውም ለአንድ ሰውና ለዘሩ ነው። ስሙን የተጋራ ሁሉ አይወርሰውም።

8. ለመዝገብ ቤቱ ጻፉ

ኢንተርኔት ላይ የሌለው ይበዛል። የምሥራቅ ሱሴክስ መዛግብት ብራይተን አጠገብ ባለው ዘ ኪፕ፣ የምዕራቡ ቺቸስተር፣ የኬንቱ ሜይድስተን ይገኛሉ። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል።

«ስለ ፓንክኸርስት ቤተሰብ ያላችሁን ላኩልኝ» አትበሉ። ማንም ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነው። አንድ ደብር፣ አንድ መዝገብ፣ አምስት ዓመት ቢበዛ ጠይቁ። የምታውቁትን አጻጻፍ ሁሉ ዘርዝሩ። ክፍያው ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተገለበጠ ጽሑፍ ሳይሆን የሙሉውን ገጽ ምስል ጠይቁ። ስሙ ያለበትን መስመር ብቻ ቆርጠው ከላኩላችሁ፣ ሃናንም ሳራንም አታገኟቸውም።