የዱር ኦርኪድን ጫካ ውስጥ ሳይጎዱ ፈልጎ ማየት እንዴት ይቻላል?

ኦርኪድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሱፐርማርኬት በር ላይ በማሰሮ የሚሸጠው ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ የምትኖሩ ግን የዱር ኦርኪድ አጠገብ ሳታውቁት አልፋችሁ ይሆናል። ስሟ ፒንክ ሌዲስ ስሊፐር ይባላል። ከምሥራቅ ካናዳ እስከ ጆርጂያና አላባማ ድረስ ትበቅላለች። ኒው ሃምፕሸር በ1991 የግዛቷ የዱር አበባ ብላ መርጣታለች። እሷን ለማየት እውቀትም ሆነ መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። እጅን መሰብሰብና እግርን መጠንቀቅ ግን ግድ ነው።

1. ጊዜዋን ጠብቁ

ዝቅ ባለው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ታብባለች። ብዙውን ጊዜ ፋሲካ አልፎ ሰዉ ፓርክ ወጥቶ ሥጋ መጥበስ በሚጀምርበት ሰሞን ማለት ነው። ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ትንሽ ትዘገያለች። ወደ ኒው ኢንግላንድ ስትሄዱ ደግሞ ጁን ውስጥም ትገኛለች።

2. ከአበባው በፊት አፈሩን ፈልጉ

ፓይንና ኦክ የተቀላቀሉበት፣ ከሥር የዱር ብሉቤሪ ቁጥቋጦ ያለበት፣ መሬቱ በረገፈ የፓይን ቅጠል የተሸፈነ ጫካ ምረጡ። እንዲህ ያለ አፈር አሲዳማ ነው። አገር ቤት ገበሬው አሲዳማ መሬትን በኖራ ያክማል፤ እሷ ግን ሌላው ሰብል የሚጠላውን ነው የምትወደው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5 በታች ሲሆን ይመቻታል። ውሃ በሚተኛበት ረግረግ ዳር ከመንከራተት፣ ውሃው የሚወርድበትን ተዳፋት ቃኙ።

3. ቅጠሏን ለዩ

መሬት ላይ የተነጠፉ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰፋፊ ቅጠሎች አሏት። ከሁለት አይበልጡም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ወርደውባቸዋል፣ ጸጉርም አላቸው። ከመካከላቸው ቅጠል የሌለው አንድ ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ አንድ አበባ ብቻ ይንጠለጠላል። አበባው እንደተነፋ ከረጢት ነው፣ ሮዝ ቀለም አለው፣ ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ይታያል። ዘንጉ ላይ ቅጠል ካያችሁ ሌላ ዘመዷ ናት። አትዳስሷት፤ ጸጉሩ አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያሳክካል።

4. ወደ እሷ ስትጠጉ መሬቱን አስቡ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ብዙ ሰው አበባውን ላለመንካት ሲጠነቀቅ ዙሪያውን ረግጦ ይጨርሰዋል።

የዚህች ኦርኪድ ዘር ከአቧራ አይለይም። አንድ ፍሬ ውስጥ ከ10,000 በላይ ዘር ሊኖር ይችላል። ባቄላ ሲዘራ ስንቁን ይዞ ነው መሬት የሚገባው፤ የኦርኪድ ዘር ግን ባዶ እጁን ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ቀጭን ክሩን ወደ ውስጡ ካላስገባ አይበቅልም። ክሩ ሲገባ ዘሩ እሱን እየፈጨ ምግቡን ያገኛል። ቡቃያዋ ቅጠል ከማውጣቷ በፊት ከመሬት በታች ዓመታት ልታሳልፍ ትችላለች፣ ለማበብ ደግሞ ገና ሌላ ብዙ ዓመት ይቀራታል። ኦርኪድ ያለ ፈንገስ እንደማይበቅል በ1899 የደረሰበት ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር ነው። ከዚያ በፊት አትክልተኞች ዘሩን እየዘሩ ለምን እንደማይበቅል ግራ ይገባቸው ነበር።

ፈንገሱ በዓይን አይታይም። ታዲያ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል? ሜሪላንድ፣ ኤጅዋተር ያለው የስሚዝሶኒያን የአካባቢ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ብልሃት አለ። ዘሩን በጣም ደቃቅ በሆነ የናይሎን ወንፊት ጠቅልለው፣ ድሮ ስላይድ ፎቶ ይያዝበት በነበረው ትንሽ ክፈፍ ውስጥ ያደርጉና ይቀብሩታል። ወንፊቱ የፈንገሱን ክር ያስገባል፣ ዘሩን አያስወጣም። ቆይተው ሲያወጡት ዘሩ የበቀለበት ቦታ ፈንገሱ አለ ማለት ነው። እኔን ከአበባው ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመንገዱ አትውጡ። የረገፈውን ቅጠል ለፎቶ እንዲያምር ብላችሁ አትጥረጉ። ሥሯ ከቅጠሉ ሥር ወደ ጎን የሚሄድ ጥልቀት የሌለው ሥር ነው፤ አጠገቧ መንበርከክ እሷ ላይ ከመቆም ብዙም አይሻልም። በስልካችሁ ዙም አድርጉ። ፎቶውን ስትለጥፉ የቦታውን መረጃ አጥፉ፣ ምክንያቱም ቆፍሮ የሚወስድ አይጠፋም።

5. ጊዜ ካላችሁ ንቧን ጠብቁ

ባምብልቢ የምትባለው ወፍራም ንብ በስንጥቁ ገፍታ ትገባለች። ውስጡ የምትጠጣው ምንም ጣፋጭ ነገር የለም። የስንጥቁ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ በገባችበት መውጣት አትችልም። ወደ ላይ ወጥታ ከኋላ ካሉት ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች በአንዱ ተጨንቃ ስታልፍ የአበባ ብናኝ ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። አንዴ የተሸወደች ንብ ቶሎ ስለምትነቃ አብዛኛው አበባ ፍሬ ሳያፈራ ይረግፋል።

"በእጄ ላዳቅልላት" የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ተዉት። ማሳቹሴትስ ውስጥ ለአራት ዓመት ተሞክሮ ውጤቱ በ1990 ታትሟል፦ በእጅ ተዳቅለው ያፈሩት በቀጣዩ ዓመት ቅጠላቸው አንሷል፣ የማበብ ዕድላቸውም ቀንሷል።

6. ቤት ለመውሰድ ካማራችሁ

ከብሔራዊ ፓርክ ተክል መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርም አያዋጣም። ከነአፈሯ ብትወስዷትም ጓሮአችሁ አሲዳማ ካልሆነና ፈንገሱ ካልተመቸው ቀስ በቀስ ትሞታለች። መግዛት ከፈለጋችሁ ሻጩን "ከዘር በላቦራቶሪ የተባዛ ነው ወይስ ከጫካ የመጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አድበስብሶ ካለፈ አትግዙ።

7. በሌላ ጊዜ ተመለሱ

የዛፍ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ስትሄዱ ያፈራችው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቡናማ ፍሬ ታያላችሁ። አትክፈቱት፤ ራሱ ይሰነጠቅና ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል። በቀጣዩ ሜይ ቦታው ባዶ ሆኖ ብታገኙትም ሞታለች ብላችሁ አትደምድሙ። ሚዳቋ በልቷት ሊሆን ይችላል። ወይም ያን ዓመት ከመሬት በታች መክረሙን መርጣ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ልማድ አላት። አፈሩን ጫር አድርጋችሁ ለማየት አትሞክሩ፣ በሚመጣው ዓመት እንደገና እዩ።